ያልለመደው ዓይን

ከቡታጅራ ክትፎ ሠሪዎች ሁሉ በደንብ የማውቃት አስካለን ነው፤ ክትፎዋን ግን አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ ሥጋችን አይገናኝም። እንዲህም ሆኖ ለዓመታት ምሳዬን የበላሁት እሷ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ የመጣ አንድ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ ሱቄ ገብቶ፣ "ያቺ ባለ መነጽር ሴትዮ ሰላም ብላሃለች። ጎመን የሚሠራለት ሰው አገኘ ወይ ብላ ጠይቃለች" አለኝ።

አላገኘሁም። አስካለ እህቷ ወዳለችበት ወልቂጤ ሄዳ ሰፋ ያለ ቤት ከከፈተች ወዲህ ከሱቄ አጠገብ ባለው የእሷ ክፍል ውስጥ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ሻጩ ጥሩ ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይከፍታል። ግድግዳችን ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። የምናፍቀው ድምፅ ግን የቢላ ድምፅ ነው።

እኔ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ኮፒ ጀርባው ባዶ ነው፤ ባዶ ወረቀት ሲጣል ማየት አልወድም፤ የጀመርኩት እንዲያ ነው። አስካለ ይህን ስለምታውቅ በጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ "ኸይሩ፣ ዛሬ ደግሞ በማን አለቀስክ?" ትለኛለች። "አንተ እኮ ለዝናብም ታለቅሳለህ። የሰማይን ሥራ ትሻማለህ።"

ረጅም ነበረች፤ ቀጭን፤ ክንዶቿ ግን የአናጢ ክንድ ይመስላሉ። ሥጋ በማሽን አታስፈጭም። "በማሽን የወጣ ሥጋ ሊጥ ነው፤ ጋግረው" ትላለች። ቀዩን ሥጋ መክተፊያው ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዘነብለውና ነጩን ጅማት አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ትለቅማለች። ይህን ስትሠራ አታወራም፤ ትንፋሿም የሚቆም ይመስለኛል። አብራት የምትሠራው ብርቄ ስትቸኩል፣ "እጅ ይከትፋል እንጂ ክትፎ የሚሠራው ዓይን ነው። አንድ ጅማት ካመለጠሽ አንድ ደንበኛ አመለጠሽ" ትላታለች።

የእኔ ምሳ የራሱ መጥበሻና የራሱ ቢላ ነበረው። የቢላው እጀታ ላይ ሰማያዊ ክር አስራበታለች። ብርቄ አንድ ቀን ተሳስታ በዚያ ቢላ ሥጋ ልትነካ ስትል አስካለ እጇን በአየር ላይ ያዘቻትና፣ "የኸይሩን ቢላ! ልጁን ልታስኮንኚው ነው?" አለቻት። ክትፎ ቤት ሽንኩርት ብዙም አያስፈልገውም። እኔ ግን ጎመን ያለ ሽንኩርት አይዋጥልኝም። ስለዚህ በፍስክ ቀን በዚያ ቤት ሽንኩርት የሚከተፈው ለእኔ ብቻ ነበር። እሷም ይህን በደንበኛ ፊት ሳትናገር አታልፍም፤ "በዚህ ቤት ሰው የሚያስለቅስ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሥጋ የማይበላው ነው።"

አስካለ ሩቅ አይታያትም። ከክንዷ ርዝመት ያለፈ ነገር ሁሉ ይደበዝዝባታል። ይህን መጀመሪያ ያወቀው አባቷ ነው። ቡኢ አጠገብ ባለው መንደራቸው ልጅ ሆና፣ ከፊቷ ያለውን አጥር ሳታይ እየሮጠች ገብታበት ግንባሯ ተተረተረ። አባቷ አልተቆጣም። በሚቀጥለው ቀን ከእንሰቱ ጀርባ ቆሞ፣ "ስንት ጣት ነው ያወጣሁት?" እያለ ጠየቃት። እየቀረበ ጠየቃት። ልክ የመለሰችው አፍንጫዋ ስር ሲደርስ ነበር። አዲስ አበባ ወስዶ መነጽር አስደረገላት። በራሱ እጅ አጠለቀላትና ከሱቁ ሲወጡ፣ "እንግዲህ ዓለም ይቺ ናት፤ ወደድሻት?" አላት። ይህን ታሪክ ስትነግረኝ የአባቷን ድምፅ ታስመስላለች፤ ወፍራም፣ ቀስ ያለ።

ክትፎ ቤት ስትከፍት መነጽሩ ጠላት ሆነባት። ቅቤ ስታቀልጥ እንፋሎቱ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ስትጠርገው የእጇ ቅቤ ይብስበታል። "መነጽሬ ከደንበኞቼ የበለጠ ቅቤ ይጠጣል" ትል ነበር። መርካቶ የሚነግድ የአጎቷ ልጅ አንድ ቀን ደውሎ፣ ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ሌንስ እንዳለ ነገራት። ሄደች። ሌንስ የሸጠችላት ልጅ እንዴት እንደሚደረግና እንደሚወጣ አስተማረቻት፤ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በራሱ መድኃኒት ብቻ እጠቢው፣ ውሃ አታስነኪው፣ ስትተኚ አውጪው።

መጀመሪያ ስታደርገው ያየሁት በሱቄ መስታወት ነው። ሌንሱ ጣቷ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ በሽንኩርት ቅርፊትና ቅርፊት መካከል ያለችውን ስስ ገለፈት ይመስላል። የዓይኗን ሽፋሽፍት በሌላ እጇ ወደ ላይ ስባ ይዛለች።

"ዞር በልልኝ" አለችኝ። "ገላዬን ስታጠብ የምታየኝ ነው የሚመስለኝ።"

ዞርኩላት። ስመለስ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ይስቃሉ። መንገዱን ተሻግሮ ያለውን የፋርማሲ ማስታወቂያ ጮክ ብላ አነበበች፤ ከስልክ ቁጥሩ ጭምር። በዚያ ሳምንት ደንበኛ ሁሉ፣ "አስካለ፣ ለካ ዓይን ነበረሽ!" ይላታል። አባቷ ቡታጅራ ሊጠይቃት ሲመጣ ግን ፊቷን ትክ ብሎ አይቶ፣ "መነጽርሽስ?" ነበር ያለው። መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነገረችው። አውጥታ አሳየችው። እሱም በነጠላው ጫፍ ጠርጎ መልሶ ሰጣት።

በመጀመሪያው ዓመት የተባለችውን አንድም አላጎደለችም። ጠዋት ሚጥሚጣ ከመንካቷ በፊት ታደርገዋለች፣ ማታ ቤቱን ስትዘጋ ታወጣዋለች። አንድ ቀን ብቻ ረስታ በሚጥሚጣ እጇ ዓይኗን አሸችው። ጩኸቷ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እየሮጥኩ ስገባ ጭንቅላቷን የውሃ በርሜል ውስጥ ነክራ፣ ብርቄ ቀሚሷን ይዛ፣ አንድ ሹፌር ሹካውን እንደያዘ ቆሞ፣ "ወተት! ወተት አምጡ!" ይላል። ሌንሱ በርሜሉ ውስጥ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን እየሠራች ራሷን ስትሰድብ ዋለች።

የሌንሱ ማጠቢያ ቡታጅራ አይሸጥም። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ይላክላት ነበር። ሲዘገይ አፍልታ ያቀዘቀዘችው ውሃ ውስጥ ጨው ጨምራ ያንን መጠቀም ጀመረች። "እኔ እኮ ምግብ ሠሪ ነኝ" አለችኝ። "ንጹሕና ቆሻሻ ለይቼ ባላውቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው በልቶ ይነሣ ነበር?" የሚዘገየው ዕቃ እየበዛ ሲሄድ የጨው ውሃው ልማድ ሆነ። አንዳንድ ቀን ደክሟት ሌንሱን ሳታወጣ ትተኛለች። ጠዋት ዓይኗ ይቀላል። ቀጫጭን የደም ክሮች ከነጩ ተነሥተው ወደ ጥቁሩ ጠርዝ ሲጠጉ ይታየኝ ነበር። ስነግራት፣ "ጭስ ነው። ቅቤ ያቃጠልነው ትናንት አይደል?" ትለኛለች።

ከዚያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ነገር መጣ። አስካለ ሽንኩርት ስትከትፍ አታለቅስም። ብርቄ አጠገቧ ቆማ አፍንጫዋና ዓይኗ ይፈስሳል፤ አስካለ ግን እንደ መንገድ ሰው ሽንኩርቱን ታያለች፣ ትከትፋለች። በመጀመሪያ ሌንሱ ከልሎላት ነው ብለን ነበር። ቆይቶ ግን ሌንሱን አውጥታም አታለቅስም። ሚጥሚጣ ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እንኳ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ዝም ትላለች። ደንበኛ ይወራረድባት ጀመር። እሷም ኮራችበት።

"ዓይን እንደ ሰው ነው" አለችኝ አንድ ቀን፣ ጎመኔን እያቀረበች። "መጀመሪያ ያለቅሳል። ከዚያ ይለምዳል።"

ይህችን አባባል ወደድኳት። በትልልቅ ፊደል አትሜ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። አስካለ ስታያት ሳቀች፤ "ይኸው፣ አሁን ገና ግጥም ጻፍክ" አለችኝ።

አባቷ የሞተ ቀን ጠዋት ነበር። ቢላው ሲመታ ሲመታ ቆየና መሀል ላይ ቆመ። ስልክ ስታናግር ድምፅዋ አልወጣም። ብርቄ መጥታ ነገረችኝ። አስካለ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ መነጽሯን ከመሳቢያው ሳታወጣ ወደ ቡኢ ሄደች። እኛ ጎረቤቶች በማግስቱ ሚኒባስ ተኮናትረን ተከተልናት።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ድንኳኑ ከእንሰቱ ጥግ ተተክሏል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይዞራሉ፤ መሀል ላይ ያለችው አክስቷ ናት፣ እትዬ ወርቅነሽ። አጭርና ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። የሟችን ሥራ በክስታኔ ቋንቋ እያነሣች ታዜማለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አስካለ ከመሀላቸው ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ቀይ ነው፤ ደረቅ ነው።

ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከእኔ ጀርባ የተቀመጡ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"የበኩር ልጁ አይደለችም እንዴ?"

"ከተማ አደረቃት።"

እትዬ ወርቅነሽ ዜማውን አቋርጣ ወደ አስካለ ዞረች። እኛ እንግዶቹም እንድንሰማ ይሁን ወይም በንዴት፣ በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"ለአባትሽ አንዲት ጠብታ አጣሽ?"

አስካለ በሁለት መዳፎቿ ዓይኖቿን አሸች። ደግማ አሸች። አንድ ሽማግሌ፣ "ተዪአት፣ ደንግጣ ነው" አሉ። እትዬ ወርቅነሽ ግን ፊቷን አዙራ ዜማዋን ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ አስካለን አላየቻትም።

አስካለ ሰልስት እስኪወጣ እዚያው ቆየች። እሷ ከተመለሰች በኋላ ቢላው እንደገና መምታት ጀመረ፤ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። ይመታል፣ ይቆማል፣ ይፈራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የቆየ ደንበኛ፣ የእህል ነጋዴ ነው፣ ከአፉ አንድ ነገር አወጣና ከፍ አድርጎ ያዘው።

"አስካለ! ጅማት!"

ሰው ሳቀ። እሱም ቀልዱን ነበር። አስካለ ግን ከወጥ ቤት ወጥታ ሳህኑን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ወደ ፊቷ አቀረበችው። ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኟ አየች። ከዚያ ቀኟን ጨፍና በግራዋ አየች። ሳህኑን አስቀምጣ በግድግዳው በኩል ጠራችኝ።

"ኸይሩ፣ ና እስቲ ዓይኔን እየው።"

የቀኝ ዓይኗ ቀልቶ አብጧል። ጥቁሩ ላይ፣ ከመሀሉ ትንሽ ወረድ ብላ፣ የጨው ቅንጣት የምታህል ነጭ ነጥብ አለች።

"ያምሻል?"

"ይከብደኛል እንጂ ብዙም አያመኝም።"

ከተማው ውስጥ ያለ ጤና ባለሙያ ዓይኗን በባትሪ እንዳየ፣ "ሌንሱን አሁኑኑ አውጪ፤ ምንም ነገር አታድርጊበት፤ የዓይን ሐኪም ጋ ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ድረሺ" አላት። እህቷ ወልቂጤ ያለች አንዲት የዓይን ሐኪም አገኘችላት። ብርሃን ስለሚወጋት ብቻዋን መሄድ አልቻለችም፤ እኔ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ያንን አሮጌ መነጽር አጥልቃ፣ በላዩ ነጠላዋን ሸፍና፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ጎንበስ ብላ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው።

"ዓይኔ ከጠፋ ብርቄ ጅማት መልቀም አትችልም። ገና ናት።"

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። መጀመሪያ ጠየቀቻት። አስካለ ሁሉንም ነገረቻት፤ የጨው ውሃውን፣ ሳታወጣ የተኛችባቸውን ሌሊቶች። ለቅሶው ላይ ደግሞ ቡኢ ከገባችበት እስከ ወጣችበት ቀን ሌንሱን አንዴም አውጥታ አላሳደረችውም። መነጽሯ ቡታጅራ ነው፤ ካወጣችው የሚያጽናናት ሰው ማን እንደሆነ አትለይም። ጭሱና አቧራው ሲበዛባት ከእንሰቱ ጀርባ ሄዳ፣ ከወንዝ በተቀዳ ውሃ መዳፏ ላይ አለቅልቃ መልሳ አስገባችው።

"ለምን መልሰሽ አስገባሽው?"

"እያዩኝ ነበር" አለች አስካለ። "ዓይኔን ስነካካ ባዩኝ ቁጥር፣ ሊመጣላት ነው ብለው ይጠብቃሉ።"

ሐኪሟ ብርቱካንማ ቀለም ባለው ቀጭን ወረቀት ዓይኗን ነካ አድርጋ በማሽኑ ሰማያዊ መብራት አየቻት። ያየችውን በስልኳ አንሥታ አሳየችን። ቀለሙ በመብራቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ የዓይኗ ገጽ ላይ ተበትኗል፤ ልክ ብርቄ በሰፊ እጅ የነሰነሰችው ሚጥሚጣ ይመስላል። በቀኙ ላይ ደግሞ አንድ ጉድጓድ አረንጓዴ ሞልቶ ያበራል።

"ይህ ጥቁሩን የሸፈነው ንብርብር እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል" አለች ሐኪሟ። "እንዲያሳልፍ ብሎ ነው ደም ስር የሌለው። ደም ስለማይደርሰው አየር የሚያገኘው በቀጥታ ከውጭ ነው፤ በእንባ በኩል። ሌንስ ሲቀመጥበት አየሩ ይቀንሳል። ስትተኚበት ደግሞ የዓይን ቆብሽም ይዘጋበታል። ገጹ ይደርቃል፣ ይጫጫራል። በተጫጫረው ላይ የወንዝ ውሃ ሲገባ በውሃው ያለው ተሐዋሲ በር ተከፍቶ ጠበቀው ማለት ነው።"

አስካለ ትንሽ አሰበች።

"እንግዲያ ዓይኔን በኮባ ጠቅልዬ እንደ ቆጮ እንዲብላላ ጉድጓድ ከትቼዋለሁ በሉኛ።"

ሐኪሟ ሳቀች፤ ከወልቂጤ ናት፣ ቆጮ ማስረዳት አያስፈልጋትም። "እንደዚያ በዪው" አለች።

ከዚያ ያደረገችው ነገር ነው እስካሁን ከዓይኔ የማይጠፋው። ጥጥ ወስዳ ጫፉን አጠንጥና እንደ ክር አቀጠነችው። "ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ፤ ዓይንሽን በጥቂቱ እነካዋለሁ" አለቻት። አስካለ ጣሪያውን አየች። ሐኪሟ በጥጡ ጫፍ ደህና የሚባለውን የግራ ዓይኗን ጥቁሩን ነካችው። እኔ ጥጡ ሲነካው እያየሁ የራሴ ዓይን አነባ። ሐኪሟ ደግማ ነካችው።

"መቼ ነው የሚነኩኝ?" አለች አስካለ።

ሐኪሟ ጥጡን አስቀመጠች።

"ነክቼሻለሁ።"

አስካለ ከጣሪያው ላይ ዓይኗን አወረደች።

"ለምዶ ነው" አለች። "ዓይኔ ለምዶ ነው፣ ዶክተር።"

"አልለመደም፤ ደንዝዟል" አለቻት ሐኪሟ። "የዓይን ገጽ ከሰውነት ሁሉ ቶሎ የሚያመው ነው። እንዲያመው የተሠራ ነው፤ አቧራ ሲነካው ጮኾ ባለቤቱን ይጠራል፣ አልቅሶ ራሱን ያጥባል። ያንቺ መጣራት አቁሟል። ቁስሉ ይህን ያህል እስኪቦረቡር ሥራ ላይ የነበርሽው ስላልጠራሽ ነው።"

"ቢላ እይዛለሁ ወይ?"

"የቀኙ ጠባሳ ይቀርበታል። ምን ያህል እንደሚጋርድሽ ቁስሉ ሲደርቅ ነው የምናውቀው። የግራው ጤነኛ ነው፤ ግን እሱም ስሜቱ ካልተመለሰ ነገ ሲቆስል አይነግርሽም። ሌንስ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ጊዜ ከሰጠሽው ስሜቱ ሊመለስ ይችላል።"

"መመለሱን በምን አውቃለሁ? እዚህ እየመጣሁ በጥጥ ልነካ ነው?"

"ምግብ ሠሪ አይደለሽ? ሽንኩርት ክተፊ።"

ልንወጣ ስንል አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ጥያቄው ከብዷት እንደነበር ያስታውቃል፤ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

"ዶክተር፣ ለአባቴ ያላለቀስኩትም በዚሁ ነው?"

ሐኪሟ አዎ ብትላት ኖሮ ለአስካለ እፎይታ ነበር፤ እኔም እንድትላት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን፣ "እንጃ" አለች። "የሽንኩርት እንባ ከዓይን ገጽ ነው የሚነሣው፤ የሐዘን እንባ መነሻው ሌላ ነው። ለዚያ ዓይን መነካት የለበትም። ድንጋጤም ሊሆን ይችላል። በሌንሱ ላይ ብቻ አላሳብብልሽም።"

ሱቄ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ያንን ወረቀት ከግድግዳው ማንሣት ነው።

አስካለ እህቷ ጋ ቆይታ ጠብታ በየሰዓቱ ሲጨመርላት ከረመች። ብርቄ ብቻዋን ሠራች። ሥጋው ውስጥ ጅማት ይቀር ጀመር፤ ደንበኛም ቀነሰ። አስካለ ስትመለስ በቀኝ ዓይኗ ጥቁር ላይ ትንሽ ዳመና ቀርታለች። በዚያ ዓይን ሰው ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ነው የሚታያት። አሁን መነጽሯን ታጠልቃለች፤ ቅቤው ይጋርዳታል፣ ታወልቃለች፣ በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ትሳደባለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ጅማቱን የምትለቅመው በግራዋ ነው፤ ሥጋው ላይ አጎንብሳ። በጣም ትዘገያለች፤ አንድም አያመልጣትም። ስለዚህች አንዲት ዓይን ስትፈራ አያት ነበር። ቅቤ ሲፈነጥቅ ፊቷን በክንዷ ትጋርዳለች። ዱሮ እንዲህ አታደርግም።

የእኔ ምሳ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። በየቀኑ ሽንኩርቱን ራሷ ትከትፋለች። ብርቄ ዓይኗን እየጠረገች በጎን ታያታለች። እኔም በግድግዳው ማዶ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ጎመኑ ሲመጣልኝ ፊቷን አያለሁ። ደረቅ ነው።

"ዛሬስ?"

"ዝም በል፣ ብላ።"

እንዲህ ወራት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ እትዬ ወርቅነሽ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አሸክማ መጣች። ከለቅሶው ወዲህ አልመጣችም ነበር። ስለ ዓይኗ የሰማችው ከሰው ነው። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ የአስካለን ፊት ከታች ወደ ላይ ታያለች፤ የሚባል ነገር ጠፍቷት ስለ ቆጮው አወራች።

"ዘንድሮ ጥሩ ወጥቷል። የአባትሽ እንሰት ነው።"

"ደግ ነው" አለች አስካለ፤ ሰማያዊ ክር ያለበትን ቢላ አነሣች። ሽንኩርት ላጠች፣ ከፈለች፣ መክተፍ ጀመረች።

እኔ ደንበኛ ማመልከቻ እያስጻፈኝ ነበር። ቢላው ቆመ። ከዚያ የብርቄ ጩኸት መጣ።

"ኸይሩ! ኸይሩ፣ ና! ና ቶሎ!"

ደንበኛዬን ትቼ ሮጥኩ። አስካለ መክተፊያው ላይ አጎንብሳ ትስቃለች። ከመነጽሯ ስር፣ ከሁለቱም ዓይኖቿ፣ እንባ ይወርዳል።

"አቃጠለኝ!" ትላለች። "ብርቄ፣ አቃጠለኝ! ወይኔ ዓይኔ፣ እንዴት ነው የሚያቃጥለው!"

የሚበሉት ሰዎች አጨበጨቡ። ያ የእህል ነጋዴ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተወራርጄ የበላሁትን መልሱ እንዳትሉኝ!" አለ። አስካለ መነጽሯን አውልቃ ሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ዓይኗን አልጠረገችም። መክተፏን ቀጠለች። ሽንኩርቱ አለቀ። ለእኔ ጎመን ከበቂ በላይ ነበር። ሌላ አነሣች። ሳትልጠው ከፈለችው። ሳቋ ቀስ በቀስ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ሳቅ አልነበረም። ትከሻዋ ልክ ያኔ ድንኳኑ አጠገብ እንደተንቀጠቀጠው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቃል ነው የሰማሁት።

"አባ።"

እትዬ ወርቅነሽ ከዱካዋ ተነሣች። ሁላችንንም አየችን። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰችና በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፣ በዚያ በትልቁ ድምፅዋ ዜማውን አነሣችው። አስካለ ከመክተፊያው ቀና ሳትል ተቀበለቻት። የእህል ነጋዴው ቁራሹን አስቀምጦ ተነሣ። ከዚያ ሌላው ተነሣ። የሚበላ ሰው አልቀረም።

ክስታኔ አልሰማም። ብርቄን፣ "ምን እያለች ነው?" አልኳት።

ብርቄ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "'መነጽሯን ያጠለቅክላት ልጅህ መጣችልህ' ነው የምትለው" አለችኝ።

ምሳዬ በጣም ዘግይቶ መጣ። ያመጣችው እትዬ ወርቅነሽ ናት፤ ከአስካለ አባት እንሰት ከተሠራው ቆጮ ጋር። ጎመኑ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ለቤቱ ሁሉ ይበቃል። አንዱን እንኳ አላስቀረሁም።